ኬልፕ፦ የባህር ውስጥ ደንና የደጋው ሰው እንቅርት

ከሎረንስቪል ወደ ዱሉዝ ወይም ወደ ሱዋኒ ብቅ ብላችሁ በኮሪያውያኑ ትላልቅ ሱፐርማርኬቶች የተዘዋወራችሁ ሁሉ አንድ ነገር ሳታዩ አልቀራችሁም። ዝንጅብሉን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ጎመኑንና ዓሣውን አልፋችሁ ስትሄዱ አንድ ሙሉ መደርደሪያ በደረቀ ቅጠል ተሞልቶ ይታያል። ቅጠሉ ወደ ጥቁር ያደላ አረንጓዴ ሆኖ እንደ ቆዳ ይጠነክራል። አንዳንዱ ሰፊና ረጅም ነው፤ አንዳንዱ እንደ ሻይ ቅጠል ተሰባብሮ በከረጢት ታሽጓል። ላዩ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ስላለበት «ይሄማ ሻግቷል» ብሎ ትቶት የሚሄድ ሰው አለ። አልሻገተም። ዱቄቱ ቅጠሉ ሲደርቅ ከውስጡ የወጣ ጨውና ማኒቶል የሚባል ስኳር መሰል ነገር ነው።

የቅጠሉ ስም ኬልፕ ይባላል። ኮሪያውያኑ ወፍራሙን «ዳሺማ» ይሉታል፤ ጃፓኖች ደግሞ «ኮምቡ»። ሾርባ ውስጥ ገብቶ የሚለሰልሰው ቀጭኑ «ሚዮክ»ም የዚሁ ቤተሰብ ነው። እኛ አገር አራስ በገንፎና በአጥሚት እንደምትጠገን ሁሉ የኮሪያ አራስም በሚዮክ ሾርባ ትጠገናለች፤ ልጁም አድጎ በየዓመቱ ልደቱ ሲከበር ያንኑ ሾርባ ይጠጣል። እ.ኤ.አ. በ1951 ኮሪያ የደረሱት የቃኘው ሻለቃ አባቶቻችን ይህን ሾርባ ቀምሰውት ይሆን? በሕይወት ያሉትን ያገኘ ሰው ቢጠይቅልን ደስ ይለናል።

ለመሆኑ ከባህር ርቆ ያደገ የደጋ ሰው ስለ ባህር ቅጠል ማወቁ ምን ይጠቅመዋል? ይጠቅመዋል። ከተራሮቻችን አፈር ጠፍቶ በእናቶቻችን አንገት ላይ እንቅርት ያበቀለው ነገር በዚህ ቅጠል ውስጥ ከልክ በላይ ተከማችቶ ይገኛል። «ከተፈጥሮ የተገኘ ነው፤ አይጎዳም» ተብሎ ከቫይታሚን መደብር የተገዛ የኬልፕ ክኒን የሚውጡ ወገኖችም አሉን። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ፍጥረቱን ራሱን እንወቀው።

እውነተኛው ባህር ዛፍ

ኬልፕ ዛፍ ይመስላል እንጂ ዛፍ አይደለም፤ እንዲያውም ተክልም አይደለም። ዋቅላሚ ወይም አልጌ ከሚባሉት ፍጥረታት ወገን ነው። አልጌ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በኩሬ ላይ የሚንሳፈፈውን አረንጓዴ ነገር ነው። የደብረ ዘይት ሰው ደግሞ አረንጓዴ ሐይቅን ያስታውሳል፤ ውኃውን አረንጓዴ ያደረገው በውስጡ የሚራባ ደቂቅ ፍጥረት ነው (እሱ በልማድ አልጌ ይባል እንጂ ሊቃውንቱ ከባክቴሪያ ወገን ይመድቡታል)። ኬልፕ ከቡናማዎቹ አልጌዎች አንዱ ሲሆን፣ በዘር ሐረጉ ከዋርካና ከጽድ ይልቅ በዓይን ለማይታዩት ዲያቶም ለሚባሉ የውኃ ፍጥረታት ይቀርባል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭ ግን ሥር ያለው፣ አበባ የሚያብብ እውነተኛ ተክል ነው። ከኬልፕ ጋር የሚያገናኘው ውኃ ውስጥ መኖሩ ብቻ ነው።

ኬልፕ ሥር የለውም። በታች በኩል ዐለቱን ጨምድዶ የሚይዝ፣ የተጠላለፉ ጣቶች የመሰለ አካል አለው። የዚያ አካል ሥራ መያዝ ብቻ ነው፤ ምግብ አይስብም። ከዚያ በላይ እንደ ጠፍር የሚተጣጠፍ ግንድ፣ ከግንዱ ላይ ደግሞ ረጃጅም ቅጠሎች አሉት። ምግቡን በመላ አካላቱ ከከበበው ውኃ ይመጥጣል፤ ከፀሐይ ብርሃን ስኳር የሚሠራው ግን እንደ ምድር ተክል ነው።

ወደ ብርሃኑ ለመድረስ ያበጀው ዘዴ ይደንቃል። ማክሮሲስቲስ የሚባለው የካሊፎርኒያ ትልቁ ኬልፕ በእያንዳንዱ ቅጠል ግርጌ በጋዝ የተሞላች ትንሽ ፊኛ አለችው። እነዚህ ፊኛዎች ተባብረው ወደ ላይ ያንሳፍፉታል። ስለዚህ እንደ ዛፍ ቀጥ ብሎ ለመቆም እንጨት ማብቀል አላስፈለገውም፤ ውኃው ይሸከመዋል። በዚህ ዓይነት ከ45 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ውኃው ቀዝቅዞ፣ ምግቡና ብርሃኑ ሞልቶ ከተመቸው በአንድ ቀን እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ያድጋል። ከአንድ ክንድ በላይ መሆኑ ነው! እኛ አገር ቶሎ አዳጊ እየተባለ የሚደነቀው ባህር ዛፍ እንኳ አጠገቡ አይደርስም። ባህር ዛፍ ስሙን ያገኘው ከባህር ማዶ ስለመጣ ነው፤ ስሙ በትክክል የሚገባውስ ለኬልፕ ነበር።

ቡል ኬልፕ የሚባለው ሌላው ዓይነት ደግሞ አንድ ረጅም ግንድና ጫፉ ላይ አንድ ትልቅ ፊኛ ብቻ ነው ያለው፤ ቅጠሎቹ ሁሉ ከዚያች ፊኛ ላይ እንደ ሹሩባ ተበትነው ይንሳፈፋሉ። ይህ በሲያትል አካባቢ ያሉ ወገኖቻችን ከባህሩ ዳር ሆነው ሊያዩት የሚችሉት ዓይነት ነው። ርዝመቱ ከ30 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ዕድሜው ግን በአብዛኛው አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ እንደ ጤፍ በየዓመቱ ከአዲስ ይጀምራል።

አረባቡ ደግሞ ሁለት ሕይወት ያለው ያስመስለዋል። ትልቁ ኬልፕ ዘር ወይም ፍሬ አያፈራም፤ ስፖር የሚባሉ በዓይን የማይታዩ፣ ጭራ ያላቸው ዋናተኞችን በቢሊዮን እየቆጠረ ወደ ውኃው ይለቃል። አብዛኞቹ ይጠፋሉ። ዐለት አግኝተው የተቀመጡት ግን ወዲያው ወደ ትልቅ ኬልፕ አያድጉም። በአጉሊ መነጽር ብቻ የሚታዩ፣ ክር የመሰሉ ወንዴና ሴቴ ፍጥረታት ይሆናሉ። ሴቴዋ እንቁላሏን ስታዘጋጅ አንድ ዓይነት የኬሚካል ጠረን ውኃው ውስጥ ትረጫለች፤ ጠረኑ የደረሰው ወንዴ ዘሩን በቅጽበት ይለቃል። ከሁለቱ ውሕደት ነው እንደገና ግዙፉ ኬልፕ የሚወለደው። ስለዚህ ጠላቂ ዋናተኛ የሚያየው ደን የታሪኩ ግማሽ ብቻ ነው፤ ግማሹ ዐለቱ ላይ ተለጥፎ በዓይን ሳይታይ ይኖራል።

የት ይበቅላል?

ሦስት ነገር ካልተሟላለት ኬልፕ አይኖርም። ቀዝቃዛ ውኃ፣ የሚጨብጠው ዐለት፣ ታች ድረስ የሚዘልቅ ብርሃን ያስፈልገዋል። ለአብዛኞቹ ዓይነቶች ውኃው ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን ችግር ይጀምራል። ሙቀቱ ራሱ ከሚጎዳው በላይ ጣጣው የምግብ እጦት ነው። ለገበሬ ዩሪያ የሚሰጠው ያ ናይትሮጅን ለኬልፕም ዋና ምግቡ ነው፤ ናይትሮጅን የሞላበት ደግሞ ከጥልቁ ባህር የሚመጣው ቀዝቃዛ ውኃ ነው። ነፋስ ላይኛውን ውኃ ከባህሩ ዳር ሲገፋው ታችኛው ቀዝቃዛ ውኃ ማዳበሪያውን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። ይህ በሚሆንበት ሁሉ፣ ማለትም በካሊፎርኒያ፣ በቺሌ፣ በደቡብ አፍሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ኬልፕ ይንሰራፋል።

ታዲያ እኛ በጆርጂያ የምንኖር ከዚህ አራት ሰዓት ያህል ነድተን ሳቫና አጠገብ ታይቢ ደሴት ብንወርድ ኬልፕ እናገኛለን? አናገኝም። የሚጠብቀን አሸዋ፣ ጭቃና ሰፊ የረግረግ ሣር ነው። ውኃው ይሞቃል፤ ድፍርስ ነው፤ የሚጨበጥ ዐለትም የለም። ፍሎሪዳ ለዕረፍት የሄደ ሰው በባህሩ ዳር የተከመረ፣ የሚሸት ቡናማ ነገር አይቶ ከሆነ፣ እሱ ሳርጋሰም የሚባል የኬልፕ የሩቅ ዘመድ ነው። ዐለት የማይፈልግ፣ ተንሳፍፎ የሚኖር ዓይነት ነው።

ቀይ ባህርስ? ምጽዋ ወይም አሰብ የኖራችሁ ባህሩን አስታውሱት። በበጋ ገላ መታጠቢያ የሞቀ ውኃ ይመስላል፤ ከ30 ዲግሪ ያልፋል። ለኮራል ድንጋይ የተመቸ፣ ለኬልፕ ግን መቃብር ነው። እዚያም ያለው ሳርጋሰም ነው፤ የዳህላክ ዓሣ አጥማጆች ያውቁታል።

ይሁንና ከቀይ ባህር ወጣ ብሎ ብዙም ሳይርቅ አንድ የሚያስገርም ቦታ አለ፤ የኦማን ደቡብ፣ የዶፋር ጠረፍ። በሐሩር አገር፣ በረሃ ዳር ኬልፕ ይበቅላል ቢባል ማን ያምናል? ነገር ግን ከሰኔ እስከ መስከረም፣ እኛ አገር ክረምት ሆኖ ዝናብ ሲያወርደው፣ ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ የሶማሊያንና የኦማንን ባህር እየገፋ ቀዝቃዛውን የጥልቅ ውኃ ወደ ላይ ያወጣዋል። በእነዚያ ወራት ብቻ ውኃው ስለሚበርድ ኤክሎኒያ የሚባለው የኬልፕ ዓይነት እዚያ ዐለት ላይ ያድጋል። ክረምቱ ሲወጣ ውኃው ይሞቃል፤ ኬልፑም ይከስማል። በክረምት በቅሎ በበጋ የሚደርቅ፣ ልክ እንደኛ መስክ።

በአፍሪካ ምድር ትልቁ የኬልፕ ደን ያለው ግን በኬፕ ታውን ዙሪያና ወደ ናሚቢያ በሚወስደው ጠረፍ ነው። ኬፕ ታውን ሱቅ ከፍተው የሚሠሩ ብዙ ወገኖች እንዳሉን የታወቀ ነው፤ በባህሩ ዳር የተጣለ ቱቦ የመሰለ ረጅም ግንድ አይተው ከሆነ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የኦስካር ሽልማት ያገኘው ስለ ኦክቶፐሷ የተሠራው ዘጋቢ ፊልምም የተነሣው በዚሁ ደን ውስጥ ነው።

ሊቁ ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1834 በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ኬልፕ ሲያይ ከሐሩር አገር ደን ጋር ነበር ያመሳሰለው። ከቅጠሉ ሥር ያሉትን ፍጥረታት ቆጥሮ መጨረስ አቅቶት፣ የትኛውም የምድር ደን ቢወድም የኬልፕ ያህል ብዙ ፍጥረት አብሮ አይጠፋም የሚል ግምት ጽፏል። ይህ ግምት ከ180 ዓመት በኋላ በካሊፎርኒያ ተፈተነ።

የባህር ጃርትና ጠባቂዎቹ

የአገራችንን የተራቆተ ተዳፋት ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ፍየል ያለ እረኛ የተለቀቀበት ተራራ ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ዛፍ ያለው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ብቻ ነው። በኬልፕ ደን ውስጥ የፍየሉን ሥራ የሚሠራ የባህር ጃርት አለ፤ ኳስ የሚያህል፣ መላ አካሉ እሾህ የሆነ ፍጥረት። ኬልፑን ከግርጌው ሲበላው ሙሉው ግንድ ተነቅሎ ይንሳፈፋል።

ጃርቱን የሚያስታግሱ ጠባቂዎች አሉ። አንዱ የባህር ኦተር ነው፤ ጠጉሩ የወፈረ፣ በጀርባው ተንሳፍፎ ድንጋይ ደረቱ ላይ አስቀምጦ ቀንድ አውጣ የሚሰብር አስቂኝ እንስሳ። በቀን የክብደቱን ሩብ ያህል ይበላል፤ ሲተኛ ማዕበል እንዳይወስደው ኬልፕ ይጠመጠምበታል። በአትላንታው ጆርጂያ አኳሪየም ለዓመታት ሲታይ የቆየ እንስሳ ስለሆነ ልጆቻችን ከእኛ የበለጠ ያውቁታል። ጠጉሩ ውድ ስለነበረ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት አዳኞች ሊጨርሱት ምንም አልቀራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1911 በዓለም አቀፍ ስምምነት ጥበቃ ሲደረግለት፣ በማዕከላዊ ካሊፎርኒያ የተረፉት 50 ያህል ብቻ ነበሩ። ጂም ኤስቲስና ጓደኛው እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጥናት በአላስካ ደሴቶች ኦተር ባለበት ኬልፕ እንዳለ፣ ኦተር በሌለበት ጃርት ብቻ እንደወረሰው አሳዩ። አንድ እንስሳ ሲጠፋ ደኑ ሁሉ ይጠፋል ማለት ነው።

ኦተር ባልተመለሰበት በሰሜን ካሊፎርኒያ ጃርቱን ይጠብቅ የነበረው ከ20 በላይ ክንድ ሊኖረው የሚችለው ትልቁ የባህር ኮከብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ በሽታ ገባና ኮከቦቹን እያቀለጠ ፈጃቸው። ቀጥሎ ከ2014 እስከ 2016 ያልተለመደ የባህር ሙቀት መጣ። ኬልፑ ምግብ አጥቶ በደከመበት ሰዓት ጃርቱ ተነሣበት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ይኸው ነው። በሶኖማና በሜንዶሲኖ ጠረፍ ከነበረው የቡል ኬልፕ ደን ከ90 በመቶ በላይ ጠፋ። ኬልፕ በልቶ የሚኖረው አባሎኒ የሚባለው ቀንድ አውጣ በረሃብ ስላለቀ፣ ለትውልዶች ሲጠመድ የኖረበት ቦታ እ.ኤ.አ. በ2018 ተዘጋ። ጃርቱ ግን አልሞተም! ባዶ ዐለት ላይ፣ ባዶ ሆዱን፣ ለዓመታት ሳይበላ ቁጭ ማለት ይችላል፤ ቡቃያ ብቅ ሲል ወዲያው ይቀጥፈዋል። ኮከቦቹን የፈጃቸው የባክቴሪያ ዓይነት እንደሆነ ሊቃውንት ያስታወቁት እ.ኤ.አ. በ2025 ነው፤ ከ12 ዓመት ፍለጋ በኋላ መሆኑ ነው። አሁን ጠላቂዎች ጃርቱን በመዶሻ እየሰበሩ፣ ኮከቦቹን በጣቢያ እያራቡ ደኑን ለመመለስ ይሞክራሉ።

ከተራራው ታጥቦ የሄደው

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንምጣ።

እ.ኤ.አ. በ1811 በርናር ኩርቷ የሚባል ፈረንሳዊ ለናፖሊዮን ጦር ባሩድ የሚሆን ጨው ለመሥራት የባህር ቅጠል አመድ ያፈላ ነበር። አሲድ ሲያበዛበት ወይን ጠጅ የመሰለ እንፋሎት ተነሣ፤ ሲቀዘቅዝም ጥቁር ብልጭልጭ ፍሬ ሆነ። አዮዲን የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። በቻይና ከጥንት ጀምሮ፣ በአውሮፓም የባህር ስፖንጅ አመድ ለእንቅርት ይሰጥ ነበርና፣ ኩዋንዴ የሚባል የጄኔቫ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1820 «የፈውሱ ምስጢር ይህ ይሆናል» ብሎ አዮዲኑን ራሱን ለእንቅርት ሕሙማን መስጠት ጀመረ። ልክ ነበር። አንዳንዶቹ ግን ልባቸው መምታት አበዛ፤ ከሱ፤ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ይህን አስታውሱልን፤ እንመለስበታለን።

አንገታችን ሥር ያለው የታይሮይድ ዕጢ ያለ አዮዲን ሆርሞኑን መሥራት አይችልም። አዮዲን ሲያጣ «ትንሽ ትልቅ ብሆን ይሻለኝ ይሆን?» እንደማለት ያብጣል፤ እንቅርት ይኸው ነው። እብጠቱ ግን ከጉዳቱ ትንሹ ነው። ዋናው ጉዳት በማኅፀን ባለው ልጅ አእምሮ ላይ ነው። እናት አዮዲን ሲያንሳት የልጅዋ አእምሮ እንደሚገባው አያድግም፤ ያንን ደግሞ በኋላ ማቃናት አይቻልም።

አዮዲን በውኃ ይሟሟል። በሺህ ዘመናት ዝናብና ጎርፍ የተራራ አፈር ሲታጠብ አብሮ ወደ ባህር ይሄዳል። እዚያ ደግሞ ኬልፕ ይጠብቀዋል፤ በባህሩ ውኃ ካለው መጠን እስከ 30,000 ጊዜ እጥፍ አድርጎ በሰውነቱ ያከማቸዋል። ለምን? ባህሩ ሸሽቶ ፀሐይና ነፋስ ሲመታው ከሚደርስበት ጉዳት ራሱን የሚከላከለው በእሱ ነው። የዚያን ጊዜም ከፊሉን ወደ አየር ይለቀዋል። ወደ ሰሜን ሸዋ፣ ወደ ጎጃም፣ ወደ ከፋ ተራራ በዝናብ የሚመለሰው ግን ታጥቦ ከሄደው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው።

«ጨው እንበላ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አባቶቻችን በግመል ከአፋር ያወጡት የነበረው አሞሌ ጨው አዮዲን የለውም ማለት ይቻላል፤ ጨው ሲጋገር አዮዲኑ አብሮ አይጋገርምና። ከባህር የተገኘ ጨውም እንደዚያው ነው፤ «ሲ ሶልት» የሚል ስለተጻፈበት ብቻ አዮዲን አለው ማለት አይደለም። ስለዚህ በፋብሪካ መጨመር አለበት። አሜሪካ ውስጥ ሚሺጋን እ.ኤ.አ. በ1924 ጀመረች፤ በታላላቆቹ ሐይቆች ዙሪያ የነበረው እንቅርትም እየጠፋ ሄደ። እኛ አገር ከአሰብ ይመጣ የነበረው አዮዲን የተጨመረበት ጨው በ1998 ጦርነት ተቋረጠና፣ ገበያው አዮዲን በሌለው የአፍዴራ ጨው ተያዘ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 35.8 በመቶው እንቅርት እንዳለባቸው አገኘ። ከሦስት እናቶች ከአንድ በላይ ማለት ነው! ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ 89 ቤተሰብ አዮዲን ያለው ጨው ይጠቀም ነበር። ጥሩ ሥራ ነው፤ የሠሩትን እናመሰግናለን። እኛና እናቶቻችን ግን አብዛኞቻችን ከዚያ በፊት የተወለድን ነን።

ስለ ክኒኑ

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያደረገን አንዲት እህታችን ያቀረበችልን ጥያቄ ነው። እናቷን በቅርቡ ከአገር ቤት አምጥታለች፤ እናት የቆየ እንቅርት አለባቸው። «ለታይሮይድ ይጠቅማል» የሚል የተጻፈበት የኬልፕ ክኒን ገዝታ «ልስጣቸው ወይ?» አለችን። እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ ሆኖም «ሐኪም ሳያያቸው እንዳትሰጫቸው» አልናት። ምክንያቱ እነሆ።

ለአዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮግራም ነው፤ ለነፍሰ ጡር 220፣ ለምታጠባ 290። ከ1,100 በላይ በየቀኑ መውሰድ አይመከርም። አንድ ግራም የደረቀ ኮምቡ፣ ማለትም የጥፍር ስፋት ያላቸው ጥቂት ቁራጮች፣ ከ2,000 በላይ ሊኖረው ይችላል። ክኒኑም በኬልፑ ዓይነትና በበቀለበት ቦታ ስለሚለያይ፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውና በውስጡ ያለው ሁልጊዜ አይስማሙም።

ዕድሜዋን ሙሉ አዮዲን ሲያንሳት የኖረች ሴት እንቅርቷ ውስጥ ትንንሽ እባጮች ይፈጠራሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ለአካል ትእዛዝ አይገዙም፤ አዮዲን ባገኙ ቁጥር ያለ ልክ ሆርሞን ያመርታሉ። በድንገት ብዙ አዮዲን ሲደርሳቸው ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይከሳል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፤ በዕድሜ ለገፋ ሰው የልብ ምት መዛባት አደገኛ ነው። የጄኔቫው ሐኪም ያየው ይህን ነበር። በዚምባብዌም በ1990ዎቹ አዮዲን ያለው ጨው ሲገባ እንዲህ ዓይነት ሕመም ጨምሮ ታይቷል። በተቃራኒው ሌላው ሰው ላይ የበዛ አዮዲን ዕጢውን ያዘጋዋል፤ ድካምና ብርድ ብርድ ማለት ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 አውስትራሊያ ውስጥ ኮምቡ የተጨመረበት የአኩሪ አተር ወተት ሰዎችን አሳምሞ ከገበያ ተሰብስቧል። በጾም የአኩሪ አተር ወተት የምትጠጡ፣ ጀርባውን አንብቡ።

የአሜሪካ የታይሮይድ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ምክር በቀን ከ500 ማይክሮግራም በላይ አዮዲን ያለው የአዮዲንም ሆነ የኬልፕ ክኒን መውሰድን አይደግፍም። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ግን 150 ማይክሮግራም ያለው የእርግዝና ቫይታሚን እንዲወስዱ ይመክራል፤ የሚመርጠውም በፖታሲየም አዮዳይድ መልክ የተሠራውን ነው፣ መጠኑ የታወቀ ስለሆነ። ሁሉም የእርግዝና ቫይታሚን አዮዲን የለውም፤ ፋርማሲስቱን ጠይቁ።

ማነስም እዚህ አገር አልቀረም። ለአሜሪካዊው ዋናው የአዮዲን ምንጭ ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ ነው። በዓመት ከ180 ቀን በላይ የሚጾም ክርስቲያን ወተትና እንቁላሉን ያን ያህል ጊዜ ይተዋል። በዚያ ላይ ወጡ ውስጥ የሚገባው «ኮሸር»፣ «ሲ ሶልት» ወይም ሐምራዊው የሂማሊያ ጨው ከሆነ አዮዲን ከየት ይመጣል? አሜሪካ ውስጥ ጨው ላይ አዮዲን መጨመር ግዴታ አይደለም፤ የተጨመረበትና ያልተጨመረበት አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ይሸጣል። ያልተጨመረበት ካርቶን ላይ በትንንሽ ፊደል «ደዝ ናት ሰፕላይ አዮዳይድ» ተብሎ ይጻፋል። «አዮዳይዝድ» የሚለውን ፈልጉ፤ ዋጋው ያው ነው። ጨው አብዙ ማለታችን አይደለም፤ ደም ግፊት ያለበት የሐኪሙን ትእዛዝ ይጠብቅ።

ዳሺማውንስ እንብላው ወይ? ጤነኛ የሆነ ሰው አልፎ አልፎ ሾርባ ቢጠጣበት ክፋት የለውም፤ ጣዕሙም በጾም ጊዜ የሥጋ መረቅ ያስረሳል። ጃፓናዊው ኢኬዳ እ.ኤ.አ. በ1908 የኮምቡን መረቅ መርምሮ ጣዕሙ ከግሉታሜት እንደሚመጣ ያረጋገጠው በከንቱ አይደለም። ሲቀቀል አብዛኛው አዮዲን ወደ ውኃው ስለሚወጣ ብዙ የሚኖረው መረቁ ውስጥ ነው፤ ቅጠሉን ብቻ የፈለገ ሰው ውኃውን ይድፋ። እንቅርት ያለበት፣ የታይሮይድ መድኃኒት የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የምታጠባ ግን መረቁንም ክኒኑንም ሐኪም ሳይጠይቁ አይንኩ። እናቶቻችንን ሐኪም ዘንድ ስትወስዱ «ቲ ኤስ ኤች» የሚባለውን የደም ምርመራ ጠይቁላቸው፤ የሚወስዱትን ክኒን ሁሉ ደግሞ ከነጠርሙሱ ይዛችሁ ሂዱ። እናት በልጅነታቸው የኖሩበትን አገርም ለሐኪሙ ንገሩት፤ እሱ እንደሆነ ካልነገራችሁት አያውቅም።